ስርዝ ድልዙ የማይታይ መዝገብ

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ለማስፈጸም የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ማሳሰቢያ አለች፤ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የምትለዋ። ማሳሰቢያዋ አጭር ብትሆንም ከበስተጀርባዋ ረጅም ልምድ አለ። ወረቀት የተደረገበትን አይረሳም። ቀለሙን በምላጭ ቢፍቁት ወረቀቱ ይሳሳል፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ፍቀቱ ይታያል፤ በፍቀቱ ላይ ሌላ ቢጽፉበት ቀለሙ ይፈስሳል። አንድ አዛውንት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሰነድ ሲቀበሉ ጽሑፉን ከማንበባቸው በፊት ወረቀቱን በጣታቸው ሲዳብሱ ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። እርሳቸው የሚመረምሩት የተጻፈውን ሳይሆን የተጠፋውን ነው።

የኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ትናንት 2.1 ተብሎ የተመዘገበ የአንድ ተማሪ አማካይ ውጤት ዛሬ በ3.4 ቢተካ፣ አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው እኩል ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። ፍቀት የለ፣ የቀለም ልዩነት የለ፣ የሳሳ ወረቀት የለ። ነገ መዝገቡን የሚከፍት ሰው 3.4ን ብቻ ያገኛል፤ ከዚያ በፊት ሌላ ቁጥር እንደነበረ የሚጠረጥርበትም ምክንያት አይኖረውም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው፤ በመረጃ ቋት ውስጥ ያለ አንድ መስክ፣ በድረ ገጽና በእጅ ስልክ በኩል በሚመጣ ጥያቄ፣ ሊለወጥ ሳይገባው እንዴት ሊለወጥ እንደሚችልና እንዴትስ ሊጠበቅ እንደሚገባው። አስተያየታችንንም ከወዲሁ እንናገራለን። ወጣት የፕሮግራም ባለሙያዎቻችን ቅጽ ማሳመርን የሚማሩትን ያህል መስክ መጠበቅን አይማሩም፤ ለዚህም በቅድሚያ ተጠያቂዎቹ ተማሪዎቹ ሳይሆኑ እኛ አስተማሪዎቹ ነን።

ነገሩን ከቃላቱ እንጀምር። የመረጃ ቋት በሠንጠረዥ የተደራጀ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ አግድም ረድፍ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ዕቃ የሚናገር ሲሆን ሪከርድ ይባላል፤ በረድፉ ውስጥ ያሉት ሳጥኖች ደግሞ መስኮች፣ በተለምዶ ፊልዶች፣ ናቸው። ስም አንድ መስክ ነው፤ የስልክ ቁጥር ሌላ፤ የትምህርት ክፍል ሌላ፤ አማካይ ውጤት ሌላ። ከውጭ ያለ ሰው ወደዚህ ሠንጠረዥ በቀጥታ አይገባም። በመካከል ኤ.ፒ.አይ. የሚባል የፕሮግራም በር አለ። ይህን በር እንደ መሥሪያ ቤት መስኮት አድርጎ ማሰብ ይቀላል። ባለጉዳዩ ወረቀቱን በመስኮቱ ያቀብላል፤ ከመስኮቱ በስተኋላ ያለው ጸሐፊ ተቀብሎ መዝገቡን ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ የተጠየቀውን ይጽፋል፣ መልስ ይሰጣል። ባለጉዳዩ መዝገቡን በእጁ አይነካም። የመዝገቡ ደኅንነት የተመሠረተው እንግዲህ በጸሐፊው ጥንቃቄ ላይ ነው።

አሁን አንድ ምናባዊ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ተማሪ በደሴ ግቢ ስትማር ቆይታ ወደ ኮምቦልቻ ግቢ ተዛወረች እንበል። ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ እንደ ደረሰች የስልክ ቁጥሯን ለማስተካከል የተማሪዎችን ድረ ገጽ ትከፍታለች። ቅጹ ሦስት ሳጥኖች ብቻ አሉት፤ ስልክ፣ የመኖሪያ አድራሻና የአደጋ ጊዜ ተጠሪ። «አስቀምጥ» የሚለውን ስትጫን ኮምፒዩተሯ ለሰርቨሩ አንዲት አጭር ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤዋ ብዙውን ጊዜ የምትጻፈው ጄሰን በሚባለው የአጻጻፍ ስልት ሲሆን፣ ይዘቷም የመስክ ስምና የዋጋው ጥንድ ነው፤ «ስልክ» ይህ ይሁን፣ «አድራሻ» ያ ይሁን እያለች ትዘረዝራለች። በሰርቨሩ ወገን ያለው ፕሮግራም ደግሞ ሥራን ለማቅለል ሲባል እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ «በደብዳቤው ውስጥ ያገኘኸውን የመስክ ስም ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ ካለው ተመሳሳይ ስም ጋር እያገናኘህ ጻፍ።» የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ሃያ መስክ ቢኖር ሃያ መስመር ከመጻፍ ያድናል፤ ነገ አዲስ መስክ ቢጨመርም ፕሮግራሙን መንካት አያስፈልግም። ሰነፍ ብቻ ሳይሆን ጎበዝ ፕሮግራመርም የሚወደው አሠራር ነው።

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው የተማሪዋ ኮምፒዩተር እንጂ ሰርቨሩ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩም በእጇ ነው። ጥቂት ዕውቀት ያለው ሰው ቅጹን ትቶ ያንኑ ደብዳቤ ራሱ ሊጽፈው፣ ከሦስቱ መስኮች በታችም «አማካይ ውጤት» 3.9 ይሁን የሚል አራተኛ መስመር ሊያክልበት ይችላል። ጸሐፊው «ያገኘኸውን ሁሉ ጻፍ» የተባለ ነውና ይጽፈዋል። የይለፍ ቃል አልተሰረቀም፤ ሰርቨሩ አልተሰበረም፤ ሰውየው በራሱ ስም ገብቶ፣ የራሱን መዝገብ፣ በተፈቀደለት በር ነው የለወጠው። ጸሐፊው «ማን ነህ?» ብሎ ጠይቋል፤ «ይህስ መዝገብ የአንተ ነው?» ብሎም ጠይቋል፤ «የትኛውን መስክ?» ብሎ ግን አልጠየቀም። በሙያው ቋንቋ ይህ ድክመት ማስ አሳይንመንት ይባላል፤ የጅምላ ሙሌት ብንለው የሚቀርብ ይመስለናል።

ይህን የምንጽፈው ከመጻሕፍት አንብበን ብቻ አይደለም። በአንድ የተግባር ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻችን የሠሩትን የመጽሐፍ ውሰት መዝገብ እርስ በርሳቸው እንዲፈትሹ አደረግን። ቅጾቹ ያማሩ ነበሩ፤ ቀለሙ፣ ሥዕሉ፣ የአማርኛው ፊደል ሳይቀር የተጠነቀቁበት። ሆኖም አንድ ተማሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በራሱ መዝገብ ውስጥ ያለውን «ሚና» የሚል መስክ ከተዋሽነት ወደ ኃላፊነት ከፍ አድርጎ የጓደኞቹን የመዘግየት ቅጣት ሁሉ ሰረዘላቸው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፕሮግራሙን የሠሩት ልጆች ግን አልሳቁም። ከመካከላቸው አንዷ «ሚና የሚለው ሳጥን እኮ ቅጹ ላይ የለም!» አለች። ቅሬታዋ ከልቧ ነበር። የሚያሳፍረው ከሳምንት በፊት ያንኑ ሥራ ተመልክተን «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለን ውጤት የሰጠነው እኛው መሆናችን ነው። ያየነው ቅጹን ነበር።

ይህ የጀማሪዎች ስሕተት ነው ብሎ የሚንቅ ካለ የጊትሐብን ታሪክ ያስታውስ። ጊትሐብ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች የፕሮግራሞቻቸውን ምንጭ የሚያስቀምጡበትና የሚካፈሉበት ድረ ገጽ ነው። የተሠራውም ሩቢ ኦን ሬይልስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ሲሆን፣ የማዕቀፉ የራሱ ምንጭም በዚያው በጊትሐብ ላይ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢጎር ሆማኮቭ የተባለ ወጣት ሩሲያዊ ፕሮግራመር፣ ማዕቀፉ የጅምላ ሙሌትን ክፍት አድርጎ መተዉ አደገኛ መሆኑን ለአዘጋጆቹ አመለከተ። ያገኘው መልስ ጥንቃቄው የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው ከማለት የራቀ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ሆማኮቭ ነገሩን በተግባር አሳየ። በመጀመሪያ የአንድ ጽሑፉን የቀን መስክ ለውጦ በ3012 የተጻፈ አስመሰለው። ቀጥሎም በማርች 4 ቀን፣ የመግቢያ ቁልፍ በሚመዘገብበት ቅጽ ላይ የሌላ ሰው መለያ ቁጥር የያዘ መስክ አክሎ በመላክ የራሱን ቁልፍ በማዕቀፉ ባለመብቶች ስም አስመዘገበ፤ በዚያ ቁልፍ ገብቶም በሬይልስ ምንጭ ውስጥ አንዲት ፋይል አኖረ። የዓለም ፕሮግራመሮች የሚያምኑት መዝገብ ባንዲት ትርፍ መስመር ተከፈተ ማለት ነው። ጊትሐብ ቀዳዳውን በዚያው ዕለት ደፈነ፤ የሆማኮቭን አካውንት አግዶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መለሰለት። የሬይልስ አዘጋጆችም ልማዱን ገለበጡት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው አራተኛው እትም ፕሮግራመሩ በግልጽ ያልፈቀደው መስክ በጅምላ እንዳይጻፍ ሆነ።

ከታሪኩ ውስጥ እኛን የሚስበን የወጣቱ ድፍረት ሳይሆን የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። ቀድሞ ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነበር፤ ኋላ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። የተከለከሉትን የሚዘረዝር ፕሮግራመር ነገ በሠንጠረዡ ላይ «የወጪ መጋራት ዕዳ» የሚል አዲስ መስክ ሲጨመር ዝርዝሩን ማደስ ከረሳ መስኩ ተጋልጦ ያድራል። የተፈቀዱትን የሚዘረዝር ፕሮግራመር ቢረሳ ግን የሚደርሰው ጉዳት ቢበዛ አንድ ቅጽ አለመሥራቱ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ዝም ይላል፤ ሁለተኛው ይጮኻል።

ኦዋስፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ደኅንነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የኤ.ፒ.አይ. አደጋዎች ዝርዝር የጅምላ ሙሌትን በ6ኛ ደረጃ አስቀምጦት ነበር። በ2023 እትም ደግሞ ከሌላ ድክመት ጋር አዋሕዶ ወደ 3ኛ ደረጃ አወጣው። የተዋሐደው ሌላው ድክመት ከሚገባው በላይ መስክ ማሳየት ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። «የመስኩን ስም ማን ያውቀዋል?» የሚሉ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይገጥሙናል። ሰርቨሩ ራሱ ነው የሚነግረው! ተማሪዋ የራሷን መረጃ ለማየት ስትጠይቅ፣ ቅጹ ሦስት መስኮች ብቻ ቢያሳይም ከበስተጀርባ የመጣው ደብዳቤ ሙሉውን ረድፍ፣ ከነመስኮቹ ስም፣ ይዞ ሊሆን ይችላል። ለንባብ የተላከው ለመጻፍ መማሪያ ይሆናል።

«የተላከውን ዋጋ እንፈትሻለን፤ ቁጥሩ ከ0 እስከ 4 ካልሆነ አንቀበልም» የሚል መልስም እንሰማለን። ይህ ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን ለማየት ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጎራ እንበል። እዚያ የሚደረደር ማንኛውም ኮንቴይነር በጎኑ ላይ 11 ምልክቶች ያሉት መለያ ተጽፎበታል፤ 4 ፊደላትና 7 ቁጥሮች። የመጨረሻዋ ቁጥር ከቀደሙት 10 ምልክቶች በስሌት የምትገኝ ማረጋገጫ ናት፤ ጸሐፊው አንዱን ቁጥር ቢያሳስት ስሌቱ አልገጥም ስለሚል ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። ድንቅ ዘዴ ነው። ዳሩ ግን ዘዴው የሚይዘው የሚሳሳትን ሰው እንጂ የሚያውቅን ሰው አይደለም። ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ትክክለኛ ማረጋገጫ ያለው የሌላ ኮንቴይነር መለያ ሊጽፍ ይችላል። በክብደት መስክ ላይ 18 ቶን የነበረውን 12 ቶን ቢያደርገውም 12 ራሱ ጤናማ ቁጥር ነው። ዋጋው ትክክለኛ መልክ አለው ወይ? የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ዋጋ መጻፍ የሚገባው ማን ነው? የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የጭነት አስተላላፊው የስልክ ቁጥሩን ሊለውጥ ይገባዋል፤ ክብደቱን መጻፍ የሚገባው ግን ሚዛኑ ነው።

አንድ መስክ የተሳሳተ ዋጋ እንዲይዝ የግድ ክፉ ሰው ያስፈልጋል ማለትም አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን አንባብያን ያስታውሱታል። ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ወሬው በስልክ ሲዛመት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ባሉ የገንዘብ ማሽኖች ፊት ተማሪዎች በሌሊት ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ችግሩ በራሱ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ላይ የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ በኋላ ያለፉት ሳምንታት ለብዙ ተማሪዎች የጭንቀት ነበሩ፤ ባንኩ ገንዘቡን እንዲመልሱ ጠየቀ፣ ያልመለሱትን ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍ ደረሰ። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። «ቀሪ ሂሳብ ከዜሮ በታች አይውረድ» የሚልን ዓይነት ደንብ ከመስኮቱ ላይ ብቻ መለጠፍ አይበቃም፤ መስኮቱ ሲታደስ ማስታወቂያው አብሮ ሊነሣ ይችላል። ደንቡ በመዝገቡ ላይ ራሱ፣ ማለትም በመረጃ ቋቱ ውስጥ፣ መጻፍ አለበት።

ወሎ ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለችም። ከደሴ ወደ ሰሜን ሐይቅን አልፈን አምባሰል ስንደርስ የምናገኛት ውጫሌ በታሪክ የምትታወቀው በአንድ መስክ ምክንያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣልያ መጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ሌላው አንቀጽ ሁሉ በሰላም ተቀምጧል፤ የተለየው አንድ ግሥ ነው። ልዩነቱም የታወቀው በ1882 ዓ.ም. ከአውሮፓ ነገሥታት የመጣው መልስ ግንኙነቱ በኢጣልያ በኩል መሆን እንዳለበት በማመልከቱ ነው። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ቀጥሎ የመጣውን የ1888ቱን ዓድዋ ሁሉም ያውቀዋል። ከመዝገብ አያያዝ አንጻር ስናየው ልዩነቱ ሊጋለጥ የቻለው ሁለት ቅጂ በመኖሩና ሁለቱን አስተያይቶ የሚያነብ በመገኘቱ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ቢሆን፣ እርሱም በአንደኛው ወገን እጅ ቢሆን ምን ይሆን ነበር?

ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩበት ወቅት የወሎ ዩኒቨርሲቲም የደሴ ሆስፒታልም ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። የመደርደሪያ ወረቀትን ያህል ተሰባሪ ነገር እንደሌለ ያየ ሰው ወደ ኮምፒዩተር መዝገብ መቸኮሉ ተገቢ ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን ወረቀቱ ከጠፋ በኋላ የኮምፒዩተሩ ቁጥር የሚስተያይበት ሌላ ቅጂ የለም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መስኩ የሚለው ሁሉ እውነት ተደርጎ ይወሰዳል። የሠንጠረዡ ረድፍ የማኅደሩን ሥልጣን ይወርሳል፤ የማኅደሩን ጠባሳ ግን አይወርስም።

ስለ ሌላ ዓይነት ያልታሰበ ለውጥም ጥቂት እንበል፤ ይህኛው ክፋትም ስንፍናም የሌለበት ነው። ሁለት ጸሐፊዎች አሉ፣ አንዷ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሁለቱም የአንዲት ተማሪን መዝገብ ይከፍታሉ። የደሴዋ የትምህርት ክፍሉን አስተካክላ 3 ሰዓት ከ10 ላይ ታስቀምጣለች። የኮምቦልቻው ስልኩን አስተካክሎ 3 ሰዓት ከ15 ላይ ያስቀምጣል። ኤ.ፒ.አይ.ው ሙሉውን ረድፍ በሙሉው የሚተካ፣ በሙያው አጠራር ፑት በሚባለው ዘዴ የሚሠራ ከሆነ፣ የኮምቦልቻው ጸሐፊ አዲሱን ስልክ ሲጽፍ በ3 ሰዓት ያየውን አሮጌ የትምህርት ክፍልም አብሮ ይመልሰዋል። የደሴዋ ሥራ ድምፅ ሳያሰማ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደረጃ የወጣለት ፓች የሚባለው ዘዴ የተለወጠውን ብቻ እንድንልክ ያስችላል፤ ይህ ግማሹን መፍትሔ ይሰጣል። ሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱን መስክ ቢነኩስ? ለዚህ የቆየና ቀላል ዘዴ አለ፤ እያንዳንዱ ረድፍ የእትም ቁጥር ይኑረው፣ በተጻፈ ቁጥርም በአንድ ይጨምር። ጸሐፊው ሲያስቀምጥ «ያነበብኩት 7ኛውን እትም ነው» ይላል፤ መዝገቡ 8 ላይ ደርሶ ከተገኘ ሰርቨሩ አልጽፍም ብሎ ቁጥር 412 የሚባለውን መልስ ይመልሳል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ አንድ ደብዳቤ ደጋግሞ በሚላክበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም።

ወደ ዋናው መከላከያ እንመለስ። አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም፤ ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚሠሩባቸው ማዕቀፎች ሁሉ መሣሪያው አላቸው። በላራቬል ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ የሚሞሉትን መስኮች በስም መዘርዘር ይቻላል። በጃንጎ ደግሞ የቅጹን መስኮች በግልጽ መዘርዘር እንደሚመከር የማዕቀፉ መመሪያ ራሱ ይናገራል፤ «ሁሉም» የምትለዋ አቋራጭ ግን እዚያው አጠገብ ስላለች ተማሪው እርሷን ይመርጣል። ዝርዝሩም አንድ ብቻ መሆን የለበትም፤ ተማሪ ሲጽፍ አንድ፣ መምህር ሲጽፍ ሌላ፣ ሬጅስትራር ሲጽፍ ሌላ። ከዚህ ወደ ውስጥ ስንገባ እንደ ፖስትግሬስና ማይ ኤስ.ኪው.ኤል. ያሉት የመረጃ ቋቶች የመለወጥ መብትን በሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን በዓምድም ለይተው ይሰጣሉ። የተማሪዎቹ ድረ ገጽ ከቋቱ ጋር የሚገናኝበት ስም ስልክና አድራሻን ብቻ የመለወጥ መብት ቢኖረው፣ ፕሮግራመሩ ቢሳሳትም እንኳ ቋቱ ራሱ እንቢ ይላል። ይህን መብት በተግባር ሲጠቀምበት ያየነው ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መስኩን ከማንም አለመቀበል ነው። አማካይ ውጤት ለምን በመስኮት ይገባል? ከየትምህርቱ ውጤት በስሌት የሚገኝ እንጂ የሚጻፍ ነገር አይደለም። እንዲሁም የጸሐፊው ስምና የተጻፈበት ሰዓት ከደብዳቤው ውስጥ ሳይሆን ከሰርቨሩ መወሰድ አለባቸው። ሆማኮቭ የተጫወተባቸው የቀን መስክና የባለቤት መለያ ሁለቱም ሰርቨሩ ራሱ ሊሞላቸው ሲገባ ከውጭ የተቀበላቸው ነበሩ።

ስርዝ ድልዙንም ለመዝገቡ መልሰን መስጠት እንችላለን። አንድ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ይዘጋጅ፤ መስክ በተለወጠ ቁጥር የቀድሞው ዋጋ፣ አዲሱ ዋጋ፣ የለወጠው ሰውና ሰዓቱ ይጻፍበት። ፕሮግራሙ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ የመጨመር መብት ብቻ ይኑረው፤ የመለወጥና የመሰረዝ አይኑረው። የሚፈጀው ቦታ ዛሬ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሕጉም በዚህ በኩል ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንና የኮምፒዩተር ዳታ ማበላሸትን ወንጀል አድርጓል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳን መሠረት አስይዟል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ከባዱ ነው። መስክን ከለውጥ መጠበቅ ማለት መስክን መቆለፍ ማለት እንዳልሆነ ያሳያልና። የአባት ስሙ በአንድ ፊደል ተሳስቶ የተመዘገበ የወይዘሮ ስኂን ተማሪ ፈተናውን አልፎ ሳለ በዚያች ፊደል ምክንያት ከመስኮት መስኮት ሲንከራተት፣ «ሲስተሙ አይፈቅድም» የሚል መልስ ሲያገኝ፣ የተቆለፈ መስክም ከተጋለጠው ያላነሰ በደል ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው የእርማት መንገዱ የታወቀ፣ ባለቤቱ የታወቀ፣ ዱካው የቀረ ለውጥ ነው።

እንዲያውም አሠራሩን ከውጭ መዋስ አያስፈልገንም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የቆየው የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ይህንኑ ያውቃል። መምህሩ የቀድሞውን ውጤትና አዲሱን ጎን ለጎን ጽፎ ምክንያቱን ያስቀምጣል፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይፈርማል፤ ዲኑ ያጸድቃል፤ ሬጅስትራሩ ይመዘግባል፤ ቅጂው ከማኅደሩ ጋር ይታሰራል። ያንን ቅጽ ወደ ኮምፒዩተር ስናስገባ ከአራቱ ፊርማዎች ሦስቱን ጥለን «አስቀምጥ» የምትል አንዲት ቁልፍ ያስቀረነው እኛ ነን።

ስለዚህ ለኮምፒዩተርና ለኢንፎርማቲክስ ክፍሎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን፤ ከራሳችን ክፍል መጀመርም ይገባናል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲገመገም መርማሪው ቅጹን ከማየቱ በፊት ቅጹ ላይ የሌለ መስክ ጨምሮ ለኤ.ፒ.አይ.ው አንድ ደብዳቤ ይላክ፤ የሚመጣውም መልስ ይነበብ። ሰርቨሩ ትርፉን መስክ ጽፎት ከተገኘ ፕሮጀክቱ ይመለስ። ትርፉን በዝምታ ጥሎ ሌላውን ከጻፈ ይለፍ፤ እኛ ግን ይህን አንመርጥም። መልካሙ ጸሐፊ ደብዳቤውን እንዳለ የሚመልስ፣ የትኛው መስክ እንዳልተፈቀደ ለላኪው የሚነግርና ማን በስንት ሰዓት እንደላከው በራሱ መዝገብ የሚያሰፍር ነው። ባለፈው ጊዜ «ቅጹ ላይ የለም» ያለችን ተማሪ ፕሮግራሟን አስተካክላ ስትመጣ የሠራችው ይህንኑ ነበር፤ ጓደኛዋ የላከው «ሚና» የሚል መስክ ተመልሶለት፣ ስሙም ከነሰዓቱ ተመዝግቦ አገኘው።